ለልጅዎ ከሽሮው በፊት ቤት ይፈልጉላት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን በዚህ የአንባቢያን ዓምድ አንድ አባት ከአራት ኪሎ የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩ። ልጃቸው በልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ ሴሚስተር በርሊን ልትማር ነው። ብርዱ አሳስቧቸዋል። የነቢያት ጾም እዚያው ስለሚገባባት ምን እንደምትበላም ጨንቋቸዋል። «እዚያው ትቀር ይሆን?» የሚለው ሐሳብማ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። በመጨረሻ «ምን ይዛ ትሂድ?» ብለው አንባቢን ጠይቀዋል። እኔ ከዚያው ከተማ አንድ ሴሚስተር ተምሬ የተመለስኩ የሰባ ደረጃ ልጅ ነኝ። አዘጋጁ ካልተቀየሙኝ መልሴን በቀጥታ ለእርሳቸው ልጻፍ።

ጋሼ፣ የዘረዘሯቸው ነገሮች ሁሉ መላ አላቸው። ዋናውን ግን አላነሡትም። ልጅዎ በርሊን ስትደርስ የት ነው የምትኖረው? የመጀመሪያዋን ሌሊት የምታድርበትን ሆቴል ወይም የዘመድ ሶፋ ማለቴ አይደለም። ስሟ ተጽፎ፣ በሕግ ተመዝግባ የምትኖርበትን ቤት ነው የምጠይቅዎት።

መጀመሪያ የእርስዎን ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ ልመልስ። ካፖርት ከዚህ አይግዙላት። እዚህ ዞረው የሚያገኙት ወፍራም ጃኬት ለእንጦጦ ንፋስ ይሆናል እንጂ ለበርሊን ጥር አይሆንም። እዚያ ሰልባጅ የሚሸጡ ትልልቅ ሱቆች አሉ፤ ጥሩ ካፖርት በደህና ዋጋ ታገኛለች። ደግሞ ቤቱም፣ ክፍሉም፣ ባቡሩም ይሞቃል። ለእኔ ከብርዱ ይልቅ የከበደኝ ጨለማው ነው። በታኅሣሥ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ከክፍል ስትወጪ መንገዱ መብራት አብርቶ ይጠብቅሻል።

ጾሙን በተመለከተ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። የበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ምግብ ቤቶች፣ ሜንሳ የሚሏቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የምግብ ዝርዝራቸውን ቀይረዋል። አብዛኛው ምግብ አሁን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም። እነሱ ለአየር ንብረቱ ብለው ነው፤ እኛ ደግሞ ለነፍሳችን። ያም ሆነ ይህ ልጅዎ ፒያሳ ካፌ ገብታ «የጾም ምን አለ?» ብላ ከምትጠይቀው በላይ ምርጫ ታገኛለች። ሽሮና በርበሬ ያስይዟት፣ እኔም ይዤ ገብቻለሁ። ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ ግን ይተዉ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የሚመጣ መንገደኛ የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ሕጉ ይከለክላል። እናቴ ያነጠረችው ቅቤ ቦሌ ሳልደርስ ነው ከሻንጣ የወጣው። እስከ ዛሬ ቅር ይላታል።

«እዚያው ትቀራለች» የሚለውን ወሬ ደግሞ የልውውጥ ትምህርት ምን እንደሆነ ያልገባቸው ሰዎች ናቸው የሚያስወሩት። ልጅዎ የእዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደሆነች ነው የምትሄደው። ከመሄዷ በፊት የትምህርት ስምምነት የሚባል ወረቀት ትፈርማለች፤ ላኪው ተቋምም ተቀባዩም ይፈርሙበታል። የትኞቹን ኮርሶች እዚያ እንደምትወስድና እዚህ በምን እንደሚተኩላት እዚያ ላይ ይጻፋል። ለአንድ ሴሚስተር የተለመደው በአውሮፓ አቆጣጠር 30 ክሬዲት ነው። ተመልሳ ያንን ክሬዲት እዚህ ካላስያዘችው ድካሟ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ዲግሪዋ እዚህ ነው ያለው።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ።

ነገሩን በእኛው ጣጣ ላስረዳዎት። ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ የተዛወረ ሰው መሸኛ ካላመጣ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ አይሰጠውም። መታወቂያ ከሌለ ደግሞ ሌላውም ጉዳይ ይቆማል። ከፒያሳ ብዙ ጎረቤቶቻችን ከተነሡ ወዲህ በሰፈራችን ይሄን የማያውቅ የለም። በርሊንም እንዲያው ናት። አዲስ ቤት የገባ ሰው በ14 ቀን ውስጥ የነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ መመዝገብ አለበት። ፓስፖርት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ «ይህች ልጅ በዚህ ቀን እዚህ ቤት ገብታለች» የሚል፣ አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ይጠየቃል። ያቺ አንድ ገጽ ከሌለች ምዝገባ የለም።

እኔ በኢንተርኔት አግኝቼ የተከራየሁት ክፍል ኖይኮልን የሚባል ሰፈር ነበር። አከራዩ በቪዲዮ ሲያነጋግረኝ ትሑት ነው። ክፍሉን አሳየኝ፣ ዋጋውም ደህና ነበር። ሻንጣዬን አስገብቼ የምዝገባውን ወረቀት ስጠይቀው ግን «መኖር ትችያለሽ፣ መመዝገብ ግን አይሆንም» አለኝ። ለካስ እሱ ራሱ ተከራይ ነው። የቤቱ ባለቤት ሳያውቅ ነው ክፍሉን ያከራየኝ። ከፈረመልኝ ጉዱ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ነገር ተያያዘ። የሄድኩበት ባንክ ያለ ምዝገባ ወረቀት ሂሳብ አልከፍትም አለ። የስኮላርሺፑ ገንዘብ የሚገባው በባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ እያለኝ ገንዘብ የለኝም። ከቤት ይላክልኝ እንዳልል፣ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ የእናቴ ደመወዝ በዩሮ ሲሰላ ባይነገር ይሻላል። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ባታበድረኝ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ደግሞ የፖስታው ጉዳይ አለ፤ ይሄን እዚህ ማንም አይነግራትም። እኛ ቤት ድረስ ፖስታ አይመጣልንም። አድራሻችን «ከታክሲ ማዞሪያው አለፍ ብሎ፣ ከፋርማሲው ጎን» ነው። እነሱ ዘንድ ሁሉም ነገር በፖስታ ይመጣል። የባንክ ካርዱ በአንድ ፖስታ፣ የምስጢር ቁጥሩ በሌላ ፖስታ፣ የጤና መድኑ በሦስተኛ። ሕንፃው ቁጥር ቢኖረውም ውስጡ ያለው እያንዳንዱ አፓርታማ ብዙ ጊዜ ቁጥር የለውም። ፖስተኛው የሚያየው በሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። ስምሽ ከሌለ ፖስታው ይመለሳል። ያ ሰውዬ ደግሞ ስሜን እንዳልለጥፍ ከልክሎኛል። የሚለጠፈውም ስም የእኔ አይደለም፤ ፓስፖርቱ ላይ እንደ ቤተሰብ ስም የሚነበበው የአያቴ ስም ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ በአያቴ ስም ስጠራ ኖርኩ። እርሳቸው ከሸዋ ወጥተው አዲስ አበባን እንኳ ያዩት በስተርጅና ነው።

ከዚህ ያወጣኝ አንድ የካሜሩን ልጅ ነው። ጀርመን ውስጥ የካሜሩን ተማሪ ብዙ ነው፤ መንገዱንም ያውቁታል። «ሞአቢት ሰፈር ያለው የጋራ ቤታችን ውስጥ አንዲት ልጅ ለልውውጥ ስፔን ሄዳለች፣ ክፍሏ ባዶ ነው» አለኝ። የቤቱ ባለቤት ያውቃል፣ ወረቀቱም ይፈረማል፣ ስምም ይለጠፋል። በቃ። ገብቼ ተመዘገብኩ፣ ባንኩም ከፈተልኝ፣ ገንዘቡም ገባ። እዚያ ከተማ ውስጥ ተማሪ መሆኔ የታወቀኝ ያኔ ነው።

ጋሼ፣ ምክሬ ከዚህ የወጣ ነው። በርሊን በየዓመቱ ስንት ሰው ቤት ፍለጋ ይንከራተትባታል። ልጅዎ ከሁሉም ጋር ተሰልፋ ዓመት የሚያኖር ቤት አትፈልግ። እሷ የምትፈልገው ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። በዚያው ሴሚስተር ደግሞ የበርሊን ልጆች እነሱም በተራቸው ለልውውጥ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ። ክፍላቸውን እስኪመለሱ የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ትምህርቱ የሚጀምረው በፈረንጆቹ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ ስለሆነ ፍለጋው በሰኔና በሐምሌ መሆን አለበት። ቪዛው እስኪመታ መጠበቅ የለባትም። የተቀባዩን ዩኒቨርሲቲ የልውውጥ ቢሮ ትጻፍላቸው፤ ከእኛ ጋር የሚቀያየር ተማሪ ካለ ስሙን ትጠይቅ። የተማሪ ማደሪያም የመቀበያ ደብዳቤዋ እንደደረሳት ታመልክት፤ ሰልፉ ረጅም ነው።

አከራይ ስታነጋግር የመጀመሪያ ጥያቄዋ ዋጋ አይሁን። «መመዝገብ ይቻላል ወይ?» ትበል። ሰውየው ከተንተባተበ ትተወው። የሚነገራት ኪራይ ማሞቂያውን ይጨምር አይጨምር ትጠይቅ፤ ሁለት ዓይነት ዋጋ ነው የሚጠሩት። ማስያዣው በሕግ ማሞቂያና ሌላ ወጪ ሳይጨምር ከሦስት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። «አሁን ውጭ አገር ነኝ፣ ገንዘቡን ላኪልኝና ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ሌባ ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ ቤት የምናከራይ ሰዎችም እስቲ ራሳችንን እንይ። ለልውውጥ የመጣ የውጭ ተማሪ ሲመጣ «ፈረንጅ ነው» ብለን ዋጋውን ወዲያው እጥፍ እናደርጋለን። ከናይሮቢ የመጣውን አበሻ ያልሆነ ጥቁር ልጅም አንምርም። እሱም እኮ እናቱ ናት የላከችው።

ስለ ባቡሩ አይጨነቁ። ከሴሚስተሩ ክፍያ ጋር የትራንስፖርት ትኬት አብሮ ይመጣል። ጣቢያው በር የለውም፣ ማንም አያስቆማትም። ተራ ልብስ የለበሱ ተቆጣጣሪዎች ግን ድንገት ይነሣሉ። ትኬት የሌለው 60 ዩሮ ይከፍላል። አርብና ቅዳሜ የምድር ውስጥ ባቡሩ ሌሊቱን ይሠራል፤ ማታ አመሸች ብለው አይሸበሩ።

መደወልዎት ካልቀረ ሰዓቱን ልንገርዎት። ከፈረንጆቹ ጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ በርሊን ከእኛ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በተለይ በእነሱ ገና ሰሞን ይደውሉላት። ሱቅ ይዘጋል፣ የቤት ጓደኞቿ ወደ ወላጆቻቸው ይሄዳሉ፣ ከተማው ጭር ይላል። የእኛ ገና ሲደርስ ደግሞ እነሱ ትምህርት ጀምረዋል፣ ማንም ትዝ አይለውም። ከብርዱና ከምግቡ ይልቅ ያቺ ሳምንት ናት የምትከብደው።

ከተመዘገበች በኋላ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ የሚል ደብዳቤ ይመጣባታል። በወር 18.36 ዩሮ ነው። «ቴሌቪዥን የለኝም» ማለት አይሠራም። ክፍያው ግን በቤት እንጂ በሰው አይደለም። አብረዋት ከሚኖሩት አንዱ የሚከፍል ከሆነ የእሱን ቁጥር ጽፋ ትመልስላቸው።

ስትመለስ ደግሞ ከምዝገባው ስሟን ታሰርዝ፤ አለበለዚያ ያ ደብዳቤ መምጣቱን አይተውም። የባንክ ሂሳቧን ግን አትዝጋ። ማስያዣው ቁልፍ እንዳስረከበች አይመለስላትም፤ አከራዮች የመብራቱና የማሞቂያው ሒሳብ እስኪጣራ ይይዙታል። የእኔ የገባው እዚህ መጥቼ ሁለተኛውን ሴሚስተር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ሂሳቡን ብዘጋው ኖሮ በምን እቀበለው ነበር?

ልጅዎ ልታነጋግረኝ ከፈለገች ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነኝ። የመቀበያ ደብዳቤዋን ይዛ ትምጣ፤ ለማደሪያው ማመልከቻ አብረን እንሞላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከሰባ ደረጃ