የቋንቋ መምህር ሥራ በገጽ ቁጥር አይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. በስፋት ሥራ ላይ መዋል ከጀመረ ወዲህ ስለ መጻሕፍት እጥረት ብዙ ተጽፏል፤ ሊጻፍም ይገባል። መጽሐፉ እጁ ከገባ በኋላ የቋንቋ መምህሩ ምን ምን ሊወስን ይችላል የሚለው ግን ብዙም አልተነሣም። ክፍል ገብቶ ትምህርቱን የሚታዘብ ሱፐርቫይዘር አስቀድሞ የሚጠይቀው «ገጽ ስንት ደረሳችሁ?» ብሎ ነው። ወላጅም እንደዚያው።

በእኛ እምነት መምህሩን የሚያስገድደው በመርሐ ትምህርቱ ለክፍሉ የተቀመጠው የመማር ብቃት ነው። ምንባብ ቢቀይር፣ ምዕራፍ ቢያስቀድም፣ መልመጃ ቢቀንስ ሙያው ነው። ብቃቱን መዝለል ግን አይችልም።

ይህን በግምት ማድረግ አይቻልም። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የክፍሉ መምህራን ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ቢያዘጋጁ ይበቃል፦ የሚጠበቀው ብቃት፣ አዲሱ መጽሐፍ የሚያስተምርበት ምዕራፍ፣ ተማሪው ባለፉት ክፍሎች ያላገኘው። ዋናው ሦስተኛው ነው። ለውጡ በብዙ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ሲጀመር የ7ኛ ክፍል ተማሪ ዐይቶት በማያውቀው አዲስ የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ ትምህርት ቀርቦለት ነበር። ኃይለ ቃል (ዋናውን ሐሳብ የሚይዝ ዐረፍተ ነገር) ያለው አንቀጽ ሳይጽፍ አሳማኝ ድርሰት ጻፍ ተባለ፤ ናሙናውን ገልብጦ አስረከበ። እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመሙላት ሁለት ሦስት ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል። ከሰዋስው መልመጃው ዐሥር ጥያቄ ውስጥ አራቱን በክፍል ማሠራት፣ የቃላቱን ክፍል ወደ ቤት ሥራ ማዞር ይህን ጊዜ ያስገኛል። ውሳኔው በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ ሰፍሮ በትምህርት ክፍል ኃላፊው ካልተፈረመ ግን «ወደ ኋላ ቀርቷል» ተብሎ ይመዘገባል።

ማዳመጥ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ምንባቡ ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው፤ መምሪያው ሲዘገይ መጀመሪያ የሚታጠፈው ይኸው ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ከ150 እስከ 200 ቃላት ያለው ጽሑፍ ራሱ ሊመርጥ ይችላል፤ ተነቦ የሚያልቀው በሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለት መሪ ጥያቄዎችን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ አንዴ ያነባል፣ ማስታወሻ አይያዝም፤ በሁለተኛው ንባብ ይያዛል። ሦስተኛ የሚነበበው ከግማሽ በላይ ተማሪ ካልመለሰ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የጋዜጣ ጽሑፍን እንዳለ ማንበብ ነው (አዘጋጁ ይቅር ይበለን)። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም አድማጩ ባለቤቱን ይረሳል። ረጃጅሙን ለሁለት መቁረጥ ግድ ነው።

ለጽሕፈት ሒሳቡን ማየት ይበቃል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ለአንድ ወረቀት አምስት ደቂቃ ቢሰጥ አምስት ሰዓት ነው፤ አራት ክፍል ለሚያስተምር ሃያ። በየምዕራፉ ሙሉ እርማት የሚጠብቅ ዕቅድ የሚፈጸመው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። በመንፈቅ አንዱን ድርሰት ሙሉ በሙሉ ማረም፣ በሌሎቹ አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ ሥርዓተ ነጥብን፣ ተማሪዎች እርስ በርስ እንዲተራረሙ ማድረግ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሚፈርሰው በፈተና ነው። የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው የጋራ ፈተና ከመጽሐፉ ምንባብ ቃል በቃል ከጠየቀ ምንባብ የቀየረው መምህር ተማሪዎቹን ጎዳ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ገጽ ቆጣሪ ቢሆን አይፈረድበትም። ስለዚህ የትምህርት ቢሮዎችን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ የቋንቋ ፈተና ተማሪው ቀድሞ ባላነበበው ምንባብ ይዘጋጅ፤ የፈተናው ቢጋር (ከየትኛው ብቃት ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ የሚያሳየው ዕቅድ) ደግሞ መንፈቁ ሲጀመር ለመምህራን ይሰጥ።

የአማርኛ መምህራን
ከአዲስ አበባ