አምባሬን ያስወለቁኝ ዳኛ ልክ ነበሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የስፖርት ገጻችሁን ሳላነብ አላልፍም። ስለ ቱርኩ ዒላማ ተኳሽ ስለ ዩሱፍ ዲኬች ያወጣችሁት ጽሑፍ ግን ከንክኖኛል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ «ያለ ምንም መሣሪያ፣ እጁን ኪሱ ከቶ» ሜዳልያ ወሰደ ብላችኋል። እሺ። ቀጥላችሁ ግን መነጽርና መከለያ ያደረጉትን ሌሎቹን «በሕግ የተፈቀደ ማጭበርበር» አላችኋቸው። እዚህ ጋ አልተስማማንም። የምኖረው ጀርመን ነው፤ በሰፈራችን ክለብ የአየር ሽጉጥ (በባሩድ ሳይሆን በታመቀ አየር የሚተኮስ) መተኮስ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሻምፒዮን አይደለሁም፤ ሕጉን ግን በራሴ ደርሶ አውቀዋለሁ።

ዲኬች ባዶውን አልነበረም። ጆሮው ውስጥ መድፈኛ፣ ዓይኑ ላይ የዘወትር መነጽሩ ነበረ። እጅ ኪስ መክተትም የኩራት ነገር አይደለም። የአየር ሽጉጥ በአንድ እጅ ብቻ ነው የሚተኮሰው፤ ሌላው እጅ እንዳይወዛወዝ ኪስ ወይም ቀበቶ ላይ ያርፋል። እኔም ኪሴ ነው የምከተው፤ ፎቶ የሚያነሳኝ ጠፍቶ ነው እንጂ። ደግሞ እሱና የቡድን ጓደኛው ሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ያገኙት የብር ሜዳልያ ነው። ወርቁ የሰርቢያዎቹ የዞራና አሩኖቪችና የዳሚር ሚኬች ነው።

የደቡብ ኮሪያዋ ተኳሽ ኪም ዬ-ጂ ዓይኗ ላይ ያደረገችው መከለያ ምንም አያጎላም። የማታነጣጥርበትን ዓይን ይጋርድላታል፣ በቃ። በማጣሪያው 60 ጥይት በአንድ ሰዓት ከሩብ ይተኮሳል፤ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ሞክሩት፣ ፊታችሁ ነው የሚዝለው። መከለያው ደግሞ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይሰፋ ሕጉ ወስኖታል። ሽጉጡ ላይ ማጉያ መግጠም ለማንም ክልክል ነው። የሁሉም የአየር ሽጉጥ ቁመቱ 420፣ ከፍታው 200፣ ውፍረቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት። ክብደቱ ከ1,500 ግራም አይበልጥም። ከዚያ አፈሙዙ ወደ ላይ ይደረግና 500 ግራም የሚመዝን ብረት ምላጩ ላይ ይንጠለጠላል። ምላጩ ብረቱን ካልተሸከመና ቀድሞ ካመለጠ ሽጉጡ አያልፍም። ዲኬችም ኪምም የሚያልፉት በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ራቅ ያለ መንደር ለውድድር ሄድን። ቀኝ እጄ ላይ እናቴ ቦሌ ስትሸኘኝ ያጠለቀችልኝ ቀጭን የብር አምባር ነበር። መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አንድ ሽማግሌ ዳኛ መጡና «ይህን ያውልቁ» አሉኝ።

«ይቺ ክር የምታክል ነገር ምን ትደግፈኛለች?» አልኳቸው።

«ትደግፋለች አላልኩም። ሕጉ ሽጉጥ በያዘ እጅ ላይ አይደረግም ይላል።»

አምባሩ አልወልቅ አለ። ወጥ ቤት ገብቼ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ስታገል የመሞከሪያ ጊዜዬ አለቀ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ጥይቶቼ ከመቶ 71 አመጡ። እጄ ገና ያንሸራትት ነበር። አፍሪካዊት ስለሆንኩ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ ስብከነከን ከረምኩ። በሚቀጥለው ውድድር እኚሁ ሰውዬ የራሳቸውን ክለብ ሊቀ መንበር ሰዓት ሲያስወልቁ አየኋቸውና ዝም አልኩ።

ቆይቶ ገባኝ። የእጅ አንጓ ነጻ መሆን አለበት፤ የሽጉጡ እጀታ እንኳ አንጓን እንዲደግፍ አይፈቀድም። ጫማውም ቁርጭምጭሚት መሸፈን የለበትም። ዛሬ ቀጭን አምባር ቢፈቀድ ነገ ወፈር ያለ፣ ከነገ ወዲያ የቆዳ ማሰሪያ ይመጣል። መከለያን በሚሊ ሜትር መለካት ይቻላል፤ አምባር ግን ስንት ግራም ሲሆን ነው መደገፍ የሚጀምረው? ስለዚህ ሕጉ ቁጥር ያስቀመጠበትን ይለካሉ፤ «አይደረግም» ያለውን አይከራከሩበትም። በስም ያልተጠራ ነገር ካለ፣ ያላግባብ የሚጠቅም ከሆነ ክልክል ነው። እሱን እኔ ዛሬም ከውድድሩ በፊት ዳኛ እጠይቃለሁ፤ ከተኮሱ በኋላ መጠየቅ ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

ያቺ «ሮቦት» ያላችኋት ኪም በዚያው ኦሎምፒክ በ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድር ምን እንደሆነች ደግሞ አልጻፋችሁም። በፈጣኑ ዙር ለእያንዳንዱ ጥይት ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ ነው። አንዷን አዘገየች፤ ዜሮ ተጻፈባት፤ ለፍጻሜም ሳትደርስ ቀረች። መነጽሩ ያኔም ዓይኗ ላይ ነበር።

እርማት የምታወጡ ከሆነ ቢያንስ «ማጭበርበር» የምትለዋን አንሡልኝ። አምባሩን ለጠየቀኝ፣ በውድድር ቀን ቤት ነው የሚውለው፣ የቡና ሲኒ ውስጥ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከፍራንክፈርት አካባቢ