ፋኑን ከቁልፍ መስመር አትቀጥሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመኪና ዓምዳችሁ ስለ ድሮ መኪኖች ማቀዝቀዣ ያወጣችሁት ምክር በአብዛኛው የሚያስማማ ነው። በቺንጊያ የሚዞረው ፋን መኪናው ቆሞ ሲሠራና መንገድ ሲዘጋ፣ አየር በጣም በሚፈለግበት ሰዓት፣ ከሞተሩ ጋር አብሮ ቀስ ስለሚል በኤሌክትሪክ ፋን መተካቱ ምክንያት አለው። ፋኑን «ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ከማንኛውም ሽቦ» መቀጠል ይበቃል የሚለው ግን መታረም አለበት።

አይበቃም። የራዲያተር ፋን እየዞረ ሳለ እንደ መጠኑ ከ10 እስከ 20 አምፔር ይስባል፤ ከቆመበት ሲነሣ ለአፍታ የዚያን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ መኪና የቁልፍ መስመር የታሰበው ለካንዴላ፣ ለጌጆችና ለዝናብ መጥረጊያ ነው። ፋን ሲጫንበት በቁልፉ ውስጥ ያለው መገናኛ ይግላል፣ ይጠቁራል፤ በጠቆረ ቁጥር ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንስና ይብሱን ይግላል። ፊውዝ ይህን አይከላከልም፤ ከልክ ያለፈ ከረንት ሲያልፍ ይቆርጣል እንጂ አንድ መገናኛ ስለጋለ አይቆርጥም። በብዙ የድሮ መኪኖች ላይ ደግሞ የካንዴላው መስመር ጭራሽ ፊውዝ የለውም።

ሌላም ጣጣ አለ። ቁልፉ ሲዘጋ ፋኑ ወዲያው አይቆምም። በራሱ ግፊት እየዞረ ሳለ እንደ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያ ኤሌክትሪክ በቀጠላችሁት ሽቦ ተመልሶ ወደ ካንዴላው ኮይል ይሄዳል። ቁልፉ ወጥቶ ሞተሩ ጥቂት ሰከንድ መሥራቱን ሲቀጥል ሰዎች ካርቡሬተሩን መፍታት ይጀምራሉ። ካርቡሬተሩ ምንም አላደረገም።

ትክክለኛው መንገድ ሪሌ ነው፤ በትንሽ ከረንት ታዝዞ ትልቁን ከረንት የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው። ባለ 40 አምፔር፣ አራት እግር ያለው ተራ ሪሌ ይበቃል። የእግሮቹ ቁጥሮች ሥሩ ላይ ተጽፈዋል። 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል ይመጣል፤ 87 ወደ ፋኑ ይሄዳል፤ 86 ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ በ5 አምፔር ፊውዝ ይገናኛል፤ 85 ውሃው ሲሞቅ በሚገናኘው የሙቀት ስዊች አልፎ ማሳ፣ ማለትም የመኪናውን ብረት አካል፣ ይነካል። በሪሌው ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል የሚስበው 0.2 አምፔር ገደማ ስለሆነ የቁልፉ መስመር ጫናው አይሰማውም፤ ቁልፉ ሲዘጋም ሪሌው ፋኑን ከሁሉም ነገር ይለየዋል። እስከ 15 አምፔር ለሚስብ ፋን 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 30 አምፔር ፊውዝ፣ ከዚያ በላይ ለሚስብ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሁን። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይቀመጥ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ቁራጭ ጠባቂ የለውምና ከአንድ ስንዝር ባይበልጥ ይመረጣል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ማሳ ይፈታ።

ግን ይህ ሁሉ ከመገዛቱ በፊት መኪናው የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ይቆጠር። አልተርኔተር ሳይሆን ዲናሞ፣ ማለትም የድሮው ዓይነት ጄኔሬተር፣ ያለው መኪና ላይ ሒሳቡ ቶሎ ያልቃል። በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ የነበረው ሉካስ ሲ40 ዲናሞ ጉልበቱን በሙሉ ሲሰጥ 22 አምፔር ነው። ሁለት የ55 ዋት የፊት መብራት 9 አምፔር ያህል፣ የካንዴላው ኮይል 4 አምፔር ያህል ይወስዳሉ። ፋኑ 14 ቢጨምር ከልኩ አለፈ። ከዚያ የሚብሰው፣ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የሚሰጠው ከምንም አይቆጠርም፤ ፋኑ የሚፈለገው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ዲናሞ ያለው ሰው መጀመሪያ አልተርኔተር ይግጠም፣ ካልሆነ የቺንጊያውን ፋን አይንካ። ባለ 6 ቮልት መኪና ላይ የ12 ቮልት ፋን ይዞራል፣ ግን አየር አይስብም። ቮልስዋገን ቢትል ያለው ይህን ደብዳቤ ሊያልፈው ይችላል፤ ራዲያተር የለውም።

የሙቀት ስዊቹ ሲመረጥ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው የቴርሞስታቱ ቁጥር ይታይ። ባለ 82 ዲግሪ ቴርሞስታት ከሆነ ራዲያተሩ አናት ላይ የሚገባ ስዊች በ92 ወይም በ95 ዲግሪ በርቶ ከአምስት እስከ ስምንት ዲግሪ ዝቅ ሲል ቢጠፋ ጥሩ ነው። ባለ 88 ቴርሞስታት ላይ በ85 የሚበራ ስዊች ቢገጠም ፋኑ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዕረፍት አያገኝም። ራዲያተሩ ግርጌ የሚገባ ስዊች ግን የሚያየው የቀዘቀዘውን ውሃ ነው፤ ቁጥሩም ዝቅ ማለት አለበት። አንድ እግር ብቻ ያለው ስዊች ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ ነው። ውሃ እንዳያንጠባጥብ ተብሎ ቴፍሎን በደንብ ሲጠቀለልበት ማሳው ይቋረጥና ሞተሩ ፈልቶም ፋኑ አይነሣም።

ማሳን ካነሣን፣ «ፋኑ ደካማ ነው» ተብሎ ከሚጣለው ውስጥ ብዙው ደህና ፋን ነው። የማሳው ሽቦ እንደ ፖዘቲቩ መወፈር አለበት፤ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ መጽዳት፣ ከታሰረም በኋላ ግሪስ መቀባት አለበት። መፈተኛው ቀላል ነው። ፋኑ እየዞረ ሳለ የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ፋኑ ሥር ያለው የማሳ ሽቦ ላይ ማድረግ ነው። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው አልያዘም። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ ከባትሪው እስከ ፋኑ ይለካ፤ ሁለቱ ተደምረው ከግማሽ ቮልት ባይበልጡ ነው።

አገጣጠሙ ላይ ጥቂት እንጨምር። ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ አየር ቢስብ ይሻላል፤ ከፊት ሆኖ የሚገፋው መንገድ ላይ የሚመጣውን አየር በከፊል ይጋርዳል። በራዲያተሩ ክንፎች መሃል በሚያልፍ ፕላስቲክ ማሰሪያ አይታሰር፤ በንዝረቱ ቱቦውን ፍቆ ይበሳዋል። በብረት መያዣ ከራዲያተሩ ጎንና ጎን ይታሰር። አየሩ በተቃራኒ ከሄደ ሁለቱን ሽቦ ማቀያየር የሞተሩን ዙር ይገለብጣል፤ የፋኑን ክንፍ ብቻ ፈትቶ መገልበጥ ግን የአየሩን አቅጣጫ አይለውጥም። የድሮው ፋን ሲወልቅ ቡሎኖቹ ብዙ ጊዜ ቺንጊያው የሚጠመጠምበትን የውሃ ፓምፑን ፑሌጃም የያዙ ናቸው፤ በቦታቸው ሲመለሱ ረዝመው ቀዳዳው መጨረሻ ላይ ይደርሱና ፑሌጃው ሳይጠብቅ ይቀራል። አጠር ያለ ቡሎን ወይም ሮንዴላ ያስፈልጋል።

ዳሽቦርዱ ላይ አምፔር ጌጅ ያለው መኪና ከሆነ የ30 ቁጥር ሽቦ ከባትሪው ሳይሆን ከአልተርኔተሩ መውጫ ይነሣ፤ ፊውዙም እዚያው መውጫው አጠገብ ይሁን። ከባትሪው ከተነሣ የፋኑ ከረንት በጌጁ ውስጥ ስለሚያልፍ ባትሪው እየሞላ ይመስላል። ፖዘቲቩ ማሳ የሆነ መኪና ላይ ደግሞ ውስጡ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ያለው ሪሌ እንዳይገባ፤ 85 እና 86 ካልተቀያየሩ ዳዮዱ ይቃጠላል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ፋኑ ሦስት ጊዜ በርቶ እስኪጠፋ ይጠበቅ፤ ከዚያ የፊውዙ ማስቀመጫ በጣት ይነካ። የሚያቃጥል ከሆነ ተርሚናሉ አልተጨመቀም። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደ ብቻ የሚፈላ መኪና ላይ ግን ማንኛውም ፋን ለውጥ አያመጣም፤ በዚያ ፍጥነት የሚገባው አየር ከፋኑ ይበልጣል። ራዲያተሩ ይፈተሽ።

ከአክብሮት ጋር፣
በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ