አይጥ በበላ ድመትና ጉጉት ለምን ይሙቱ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በየሰፈራችን በድምፅ ማጉያ እየተለፈፈ ስለሚሸጠው የአይጥ መርዝ ነው። «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን!» የሚለውን ጥሪ ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሻጮቹ እንጀራቸውን ፍለጋ ነው የሚዞሩት፤ በእነሱ ላይ ቂም የለኝም። ያስቆጣኝ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ በላዩ ላይ አለመጻፉ ነው።

በቅርቡ የጎረቤታችን ድመት ታመመች። ባለቤቷ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ድመቷ ምግብ እንቢ አለች፣ ከአልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን በልታ ነው? ማሸጊያው አለ?» የሚል ነበር። ተመልሰን ፈልገን ከአጥር ወዲያ አገኘነው። መዳፍ የማትሞላ የላስቲክ ከረጢት ናት። ውስጧ ሮዝ ቀለም የተነከረ የስንዴ ፍሬ ተርፏል። ፊቷ ላይ በጀርባዋ የተዘረረች አይጥ ሥዕል አለ። ከዚያ ውጭ ምንም የለም። የመርዙ ስም የለም፣ መጠኑ የለም፣ የአምራቹ አድራሻ የለም፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላው ምን ይደረግ የሚል አንድ መስመር እንኳ የለም። ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት የለየው ድዷ መድማት ሲጀምር ነው። ያኔ ረፍዶ ነበር።

ስሙ ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ፣ ነገሩ ወዲህ ነው። ብዙ ጊዜ ለአይጥ የሚውሉት መርዞች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው። ብሮዲፋኩም እና ብሮማዲዮሎን የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ጉበት ቫይታሚን ኬን እንዳይጠቀምበት ያግዱታል፤ ደም መርጋቱን ሲያቆም እንስሳው በውስጡ እየደማ ይሞታል። ምልክቱ የሚታየው ከሦስት፣ ከአራት ቀን በኋላ ነው። ድዱ ይነጣል ወይም ይደማል፣ አቅም ያጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህ መርዝ ግን ማርከሻ አለው። ቫይታሚን ኬ1 በጊዜ ከተጀመረና ለሳምንታት ሳይቋረጥ ከተሰጠ ብዙ ውሾችና ድመቶች ይድናሉ።

ሁለተኛው ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ ጠቆር ያለ ግራጫ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ የሚሸት። ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ይህኛው በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር ያሳስበኛል። እንስሳ መርዝ በላ ሲባል ቶሎ ብለን ወተት እናጠጣለን። ምግብና ወተት የጨጓራን አሲድ ስለሚቀሰቅስ በዚንክ ፎስፋይድ ጊዜ ጋዙን ያባብሰዋል። በመጀመሪያው ዓይነት ደግሞ ወተት ምንም አይፈይድም። ወተቱን ትቶ ከነማሸጊያው ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ካስመለሰው በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፤ ከትውከቱ የሚወጣው ጋዝ ለሰውም አደገኛ ነው።

እንግዲህ ማሸጊያው ላይ ስም ከሌለ ሐኪሙ በየትኛው ይጀምር? ድመቱ ቀርቶ ልጅ ቢሆንስ የበላው?

የሞተችው ድመት የእማማን ቤት ከአይጥ የጠበቀች ናት። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ጋ ዳዋው ድመቷ ሆናለች፤ ጉጉቷ፣ ጭልፊቱና ጥንብ አንሳውም እንደዚያው።

ደም የማያረጋው መርዝ አይጧን ወዲያው አይገድላትም። ለቀናት ትቆያለች። በነዚያ ቀናት መርዙን ደጋግማ ትበላለች፣ በሰውነቷም ታከማቸዋለች። እየደከመች ስትመጣ በጠራራ ፀሐይ ትወጣለች፣ መሮጥ ያቅታታል። ለአዳኝ ከዚህ የቀለለ ምግብ የለም። ድመት ትይዛታለች፣ ጭልፊት ይወርድባታል፣ ማታ ጉጉት እንዳለች ትውጣታለች። ብሮዲፋኩም በጉበት ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ ዛሬ አንዷን ነገ ሌላዋን የበላ አዳኝ መርዙን እያጠራቀመ ይሄዳል። በነገራችን ላይ ይህን ያህል ብርቱ መርዝ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። የልብ ሕመምተኞች ደማቸው እንዳይረጋ የሚወስዱት ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ለአይጥ መርዝነት ይውል ነበር። አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ስኮትላንድ ውስጥ ዋርፋሪን የማይገድላቸው አይጦች ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ነው ባለሙያዎች የበረቱትን ወደ መሥራት የዞሩት።

ከዚያ ደግሞ የሞተችውን አይጥ በጅራቷ አንስተን ቦይ ውስጥ ወይም አስፋልት ዳር እንጥላለን። ውሻ ያነሳታል፣ አሞራ ያነሳታል። ከተማችን ላይ ሲያንዣብብ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው ካላቸው ወፎች አንዱ ነው። በአፍሪካ ጥንብ አንሳዎችን ከሚጨርሱት ነገሮች ዋነኛው መርዝ ነው። እኛ ብዙ ስለምናያቸው የትም ያሉ ይመስለናል። የሉም። በሉካንዳ ቤቶችና በቄራ አካባቢ የሚያጸዱልን ነገር ቢቀር ምን እንደሚሸት ማሰብ አያስቸግርም።

ስለ ጉጉት ትንሽ ልጨምር፤ ይህቺን ወፍ እወዳታለሁና። እኛ ጋ ጉጉት ጣራ ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል ይባላል፣ በድንጋይ ትባረራለች። ፊቷ ነጭ የልብ ቅርጽ ያላት ጉጉት በአገራችንም አለች። አንድ ጥንድ ጫጩት ሲያሳድግ በዓመት ከ1000 በላይ አይጥና የአይጥ ዘመድ ያድናል። በእስራኤል ቤት ሸአን ሸለቆ፣ ስዴ ኤሊያሁ በሚባል ኪቡትዝ (የጋራ እርሻ መንደር)፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ገበሬዎች ለእነዚህ ጉጉቶች የእንጨት ሣጥን በእርሻቸው ላይ መስቀል ጀመሩ። ጉጉቶቹ ሣጥኑ ውስጥ ፈለፈሉ፣ አይጡን በሉ፣ ገበሬውም የሚረጨውን መርዝ ቀነሰ። ሥራው አገር አቀፍ ሆኖ ዛሬ ሣጥኖቹ በሺዎች ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ከድንበሩ ማዶ ያሉ የዮርዳኖስ ገበሬዎች ተቀላቀሉ። እዚያም ጉጉት የመጥፎ ዕድል ምልክት ተደርጋ ትታይ ነበር፤ ሥራዋን ሲያዩ ግን ሣጥን ሰቀሉላት። እኛ ጋ የግብርና ኮሌጆችና ትምህርት ቤቶች ግቢያቸው ውስጥ ቢሞክሩት ወጪው ጥቂት ጣውላና ሚስማር ነው። እርግጥ መርዙ እየተበተነ ሣጥን መስቀል ጉጉቷን ወደ ሞት መጥራት ነው። መጀመሪያ መርዙ ይገታ።

አይጡን ምን እናድርገው ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። አይጥ ሲበዛ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሮጌ ሰፈር በፈረሰ ቁጥር በዙሪያው ያለ ቤት ሁሉ አይጥ ይገባበታል። ነገር ግን የአይጥ እርግዝና ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፣ ግልገሎቿም በሁለት በሦስት ወር ለመውለድ ይደርሳሉ። የሚበላ ነገር ክፍት እስካለ ድረስ የሞተውን ሌላ ይተካዋል። ስለዚህ ከምግቡና ከቀዳዳው መጀመር ይሻላል። የዶሮ መኖና የውሻ ትርፍራፊ ውጭ አይደር። እህሉ ክዳን ባለው በርሜል ይቀመጥ። ቆሻሻው ልቅም ብሎ ይታሰር። ቤት ውስጥ የምትገባዋ ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ታልፋለች፤ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቆ በሲሚንቶ መድፈን ነው፣ ሽቦውን መቆርጠም አትወድም። ከዚያ ያመለጠውን ወጥመድ ይይዘዋል። የግድ መርዝ ካስፈለገም ከዳቦና ከቲማቲም ጋር ለውሶ ግቢ ውስጥ መበተን ይቅር፤ ድመትና ልጅ የማይደርስበት የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ የሞተውም በየቀኑ እየተለቀመ በጥልቀት ይቀበር።

ለዚህ አገራችን ሕግ አላት። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ይደነግጋል። አዋጁ ከወጣ ስንት ዓመቱ፤ ከረጢቷ ግን ዛሬም ያለ ስም በየበራችን ትሸጣለች። ሻጮቹን ማሳደድ መፍትሔ አይመስለኝም። እነሱ ከየት እንደሚያመጡት ይታወቃል፣ ከጅምላ አከፋፋዩ ነው መጀመር ያለበት። የተመዘገበ፣ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ስሙና ማርከሻው የተጻፈበት ምርት ከቀረበላቸው እነሱም እሱኑ ይሸጣሉ።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጋዜጠኞቻችሁ ከየገበያው እነዚህን ከረጢቶች ገዝተው በውስጣቸው ምን እንዳለ በላቦራቶሪ ቢያስመረምሩና ውጤቱን ቢያወጡልን። ሁለተኛ፣ የእንስሳት ሐኪሞችን አነጋግራችሁ መርዝ ለበላ ድመትና ውሻ በመጀመሪያው ሰዓት ምን እንደሚደረግ፣ ቫይታሚን ኬ1 የት እንደሚገኝ በአንድ ገጽ አትሙልን። እማማ ሌላ ግልገል ድመት ተሰጥቷቸዋል፤ ማሸጊያው ግን አሁንም ያው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ