መራመጃ የሚገዛው በሰው ልክና በመንገዱ ልክ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ወለል ላይ፣ ከ78 ዓመት እናቴ ጋር ነው። አምና የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ከታከሙ በኋላ ምርኩዝ ብቻውን አልበቃ ስላላቸው፣ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ሰፈሩ ሁሉ «ዎከር» የሚለውን ባለ አራት ጎማ መራመጃ ላከላቸው። ዕቃው ያምራል፤ መቀመጫና ዘንቢል ሳይቀር አለው። ሆኖም ከብሎካችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ኮብልስቶን በመሆኑ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል ብቻ የሆኑት የፊት ጎማዎቹ በድንጋዮቹ መካከል እየተሰነቀሩ፣ እናቴ ለኪዳን ሲወጡ ሁለት ጊዜ በአፍ ጢማቸው ሊደፉ ሲሉ ደግፌ አስቀርቻቸዋለሁ። እንዲህ ላለ መንገድ ጎማው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ሊኖረው እንደሚገባ የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ወንድሜ በስልክ የጠየቀኝ ቁመታቸውን ነበር። መጠየቅ የነበረበት ግን የዘወትር ጫማቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው ቀጥ ብለው ሲቆሙ፣ ሰዓት የሚታሰርበት አንጓቸው ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚርቅ ነው፤ የመራመጃው እጀታ መስተካከል ያለበት በዚያ ከፍታ ነውና። ዝቅ ካለ ያጎብጣል፣ ከፍ ካለ ደግሞ ትከሻን ሰቅሎ ክንድን ያደክማል።

ሙሉ ክብደቱን በዕቃው ላይ ለሚጥል ሰው ደግሞ አራቱም እግሩ ጎማ የሆነው አደገኛ ነው፤ ይሸሸዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከፊት ሁለት ጎማ፣ ከኋላ የላስቲክ ጫማ ያለው ይሻላል። ጣቶቹ በቁርጥማት የተያዙ ሰው የፍሬኑን እጀታ መጭመቅ መቻሉም ከመገዛቱ በፊት መታየት አለበት። መቀመጫው ሁለቱም ፍሬኖች ተቆልፈው ለማረፊያ እንጂ፣ የሰፈራችን ልጆች በቅንነት እንደሚያደርጉት አዛውንት አስቀምጦ ለመግፋት አልተሠራም።

የበሩን ነገር ባላነሣ ደስ ባለኝ። የመታጠቢያ ቤታችን በር 65 ሴንቲ ሜትር፣ መራመጃው ግን 67 ነው! እናቴ እስከ ደፉ በመራመጃው ይሄዱና ግድግዳው ላይ ያስመታሁትን ብረት ይዘው ይገባሉ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ አዝዞ ነበር፤ ከቤታችን ደጃፍ እስከዚያ ሕንፃ ያለው መንገድ ግን የእኛው ዕዳ ሆኗል። ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከሆስፒታል ስንወጣ የተነገረን «ዎከር ይጠቀሙ» ብቻ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የመራመጃውን ዓይነትና የእጀታውን ከፍታ በመውጫው ወረቀት ላይ በአንድ መስመር ቢጽፉልን፣ ሻጮችም «ከካርቶኑ ከወጣ አይመለስም» ማለታቸውን ትተው ተጠቃሚው በሱቁ ደጃፍ አሥር እርምጃ ሞክሮት እንዲገዛ ቢፈቅዱ፣ እኛ ያለ ልኩ ያወጣነውን ገንዘብ ሌላው በልኩ ያወጣው ነበር።

አንድ አንባቢ
ከየካ አባዶ