መሪ ሲላላ መጀመሪያ ከሥር ይታይ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ መኪና የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ስለ ሞተርና ስለ ዘይት ነው። መሪን ማንም አያነሳውም። እኔ ደግሞ በመሪ ምክንያት ገንዘቤንም ትዕግሥቴንም የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

የምነዳው የቆየ ፒክ አፕ ነው። ዕቃ ይጭናል፣ ኮረኮንች ላይ ይውላል። አንድ ሰሞን መሪው መዋለል ጀመረ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ዝም ብዬ ብይዘው እንኳ መኪናው ወደ ግራ ይሄድብኛል፤ ስመልሰው ደግሞ ወደ ቀኝ ያልፋል። መሪውን አራት ጣት ያህል አዙሬው ጎማው ንቅንቅ አይልም። ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ጋቢና ገባ፣ መሪውን ሁለቴ ወዲህ ወዲያ አደረገና «የመሪ ሳጥኑ አልቋል» አለኝ፤ የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ ክንዶች የሚያስተላልፈው የጥርስ ሳጥን ማለቱ ነው። ጎንበስ ብሎ ከሥር አላየም። እኔም ሞኙ አመንኩት። ያገለገለ ሳጥን ተገዛ፣ ተገጠመ፣ ይዤው ወጣሁ፤ መሪው ያው ነው!

ነገሩን የፈታው አብሮኝ የሚሠራ ሹፌር ነው፣ መካኒክ እንኳ አይደለም። «እጅ ፍሬን ሳብ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ ሞተሩን አስነሳና መሪውን ነቅነቅ ብቻ አድርገው፣ አታሽከርክረው» አለኝና ከፊት በኩል አንገቱን አስገብቶ ተኛ። ሦስቴ እንኳ ሳልነቀንቀው «በቃ፣ ና እየው» አለ። ቦታ ተቀያየርን። ከሳጥኑ ትይዩ በሌላኛው ጎን ሻንሲው ላይ የታሰረች አይድለር አርም የምትባል አጭር ክንድ አለች። ሥራዋ የመሪውን ዘንግ ይዛ ወደ ጎን ማወዛወዝ ነው። የእኔዋ ግን መጀመሪያ ወደ ላይ ትዘላለች፣ ከዚያ ነው ወደ ጎን የምትሄደው። ቡሿ፣ ማለትም መዞሪያዋ ላይ ያለው ማቀፊያ ቀለበት፣ አልቆ ዙሪያዋ ቀይ የዝገት ዱቄት ብቻ ቀርቷል። ያችን ለውጠን መሪው ወደ ልቡ ተመለሰ። ሳጥኑ ምንም አልነበረውም።

ብዙ የቆዩ ፒክ አፖች ላይ ከሳጥኑ እስከ ጎማው ድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ አለ፣ መሐል ላይ ዘንግ አለ፣ አይድለሯ አለች፣ ከዚያ ወደየጎማው የሚሄዱት ታይሮድ የሚባሉ ዘንጎችና ጫፋቸው ላይ ያሉት ቴስቲና የሚባሉ ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች አሉ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቢላላ ድምሩ የሚወጣው መሪው ላይ ነው። ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የትኛው እንደላላ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የለም። አንዱ መሪውን ነቅነቅ ያደርጋል፣ አንዱ ከሥር ያያል፤ ይኼ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መኪናው በጎማው እንደቆመ መታየቱም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ጎማው ሲነሳ አብሮ ስለሚዞር ክፍተቱ ሊደበቅ ይችላል።

ክሪክ የሚያስፈልገው ጎማው ራሱ ሲጠረጠር ነው። ያኔም ከክሪኩ ሌላ የሚደግፍ ማቆሚያ ከሥሩ ይግባ፤ ክሪክ ብቻ አምኖ ሥሩ የሚገባ ሰው ሳይ ያንቀጠቅጠኛል። ጎማውን በግራና በቀኝ ይዞ መነቅነቅ የቴስቲናውን ይናገራል። ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀነቅ የሚጫወት ከሆነ ግን ወይ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው ወይ ጎማውን ከተሸካሚ ክንዶቹ ጋር የሚያያይዘው ቦል ጆይንት። መለያው ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ወደ ቦል ጆይንቱ እዩ።

አንድ የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። መሪ ላላ ሲባል ሮጦ ሳጥኑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ማጥበቅ። ለጊዜው ደስ ይላል፣ መሪው ጠበቅ ይላል። ግን የሳጥኑ ጥርስ በብዛት የሚበላው መሐሉ ላይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የምንነዳው ቀጥ ብለን ስለሆነ። መሐሉ ላይ ያለውን ክፍተት ለመዝጋት ከልክ በላይ ስታጠብቀው ዳር ላይ ይይዛል። ከኩርባ ስትወጣ መሪው በራሱ አልመለስ ይላል። እንግዲህ ይኼንን ጥገና ካላችሁት!

ቴስቲና ስትለውጡም ጥቂት ነገር ልብ በሉ። አሮጌውን ስታወጡ ስንት ዙር እንደወጣ ቁጠሩና አዲሱን በዚያው ልክ አስገቡት። አንዳንዱ ጥርሱ ወደ ግራ የሚዞር ስለሆነ አልፈታ ሲል ከመታገላችሁ በፊት አቅጣጫውን እዩ። ከጎማው ክንድ አልላቀቅ ካለ መዶሻው የሚያርፈው የክንዱ ዓይን ጎን ላይ ነው እንጂ የቴስቲናው ጥርስ ላይ አይደለም። ዳዶው ጠብቆ የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ትንሽ ጨምሮ ማጥበቅ ነው፣ ወደ ኋላ ማላላት የለም። ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን፣ ያቺ ሽቦ ናት ዳዶውን ተፈትቶ እንዳይወርድ የምትይዘው። ዙር ቆጥሬ መልሻለሁ ብሎ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) መተው ደግሞ ጎማ ያስበላል። የላላ ዕቃ ሳይለወጥ አላይመንት ማሠራትም ያው ነው፣ በነጋታው ይበላሻል።

ዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር ልለምን። እነዚህ ክንዶችና ዘንጎች እንዴት እንደሚያያዙ የሚያሳይ ንድፍ በአንድ ገጽ ብታወጡልን ቆርጬ ጋቢናዬ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። በሚቀጥለው «ሳጥኑ ነው» ሲሉኝ አውጥቼ «የትኛው ነው? በጣትህ አሳየኝ» እላቸዋለሁ።

አንድ የፒክ አፕ ሹፌር