ዊልቸሩስ አለን፤ ወንድሜን የሚያገላብጠው ሰው ነው የጠፋው

ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ዊልቸር ሲታደል በቴሌቪዥን አየሁ። ሰጪዎቹን እግዜር ይስጣቸው። እኛም ቤት አለ፤ በረንዳ ላይ ተጣጥፎ አቧራ ይጠጣል፣ ምክንያቱም ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም፣ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ወንድሜን ለማውረድ ደግሞ አራት ጎረምሳ መለመን አለብኝ።

ወንድሜ ግንበኛ ነበር። ከፎቅ ወድቆ አከርካሪው ከተጎዳ ስድስት ዓመት ሆነው። ከሆስፒታል ሲያሰናብቱን "በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት፣ አለዚያ ይቆስላል" አሉን። በቃ። ሌሊቱን ጨምሮ በቀን አስራ ሁለት ጊዜ ማለት ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ እሷም ወገቧን ያማታል፤ እኔ ሥራ ውዬ እስክመጣ ብቻዋን ስለማትችለው ጀርባው ቆሰለ፣ ደመወዜም በፋሻና በዳይፐር አለቀ። ገላውን የማጥበው እኔ ነኝ። 34 ዓመቱ ነው እኮ፤ ሳጥበው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ወረዳ ሄጄ የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ፣ ማለትም መሥራት ለማይችሉ ድሆች የሚሰጠውን ገንዘብ፣ ጠየቅኩ። "ቤታችሁ ደመወዝተኛ አለ" ተባልኩ። ሥራ ብለቅ ነው የምንታየው?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አካል ጉዳተኞችን አቅም በፈቀደ መጠን ይረዳል ይላል። በ2002 ዓ.ም. ያጸደቅነው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 19 ላይ ቤት ድረስ የሚመጣ ድጋፍንና የግል ረዳትን ሳይቀር ይጠቅሳል። አቅም የሚለው ይገባኛል፣ ሀብታም አገር አይደለንም። ግን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤታችን ትመጣለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ስለ ክትባት፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ትጠይቀንና ትሄዳለች፤ የወንድሜን ክፍል ከፍታ አይታ አታውቅም፣ ፎርሟ ላይ የለማ! ነርስ እኮ ናት። ቁስሉን በሳምንት አንዴ ብታየው፣ የሽንት ቱቦውን አያያዝ ለእናቴ ብታሳያት ምን ያህል ወጪ ነው?

እድራችንም ያው ነው። ወንድሜ ቢሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያመጣል፣ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ አብሮን ይቀመጣል። አሁን በሕይወት እያለ ግን ለሁለት ሰዓት ብቅ የሚል የለም። ከወር መዋጮው ላይ ትንሽ ጨምረን ለሰፈሩ አንድ ሰው ብንቀጥር ይበቃን ነበር፤ እንደኛ ዓይነት ቤት እዚሁ ብሎክ ላይ ሌላም አለ።

የፊታችን እሁድ ስብሰባ አለን፣ አነሳዋለሁ። ሰብሳቢያችን "ደንቡ ላይ የለም" እንደሚሉ ከወዲሁ አውቃለሁ። ደንቡን ይዤ ነው የምሄደው።

አንዲት እህት፣ ከአዲስ አበባ